ሙሉ የአንጎል ኢሙሌሽን

ሙሉ የአንጎል ኢሙሌሽን ማለት የአንድን ሰው ወይም እንስሳ አንጎል በነርቭ ሕዋሳቱና በግንኙነቶቻቸው ደረጃ አጥንቶ፣ ያንኑ አሠራር በኮምፒውተር ላይ እንደገና የማስኬድ ሐሳብና የምርምር ዘርፍ ነው። በሐሳቡ መሠረት ቅጂው በበቂ ዝርዝር ከተሠራ፣ ዋናው አንጎል ይሰጥ የነበረውን ምላሽ ይሰጣል፤ ትዝታውን፣ ልማዱንና ጠባዩንም ይዞ ይገኛል። እስካሁን በዚህ መንገድ የተቀዳ የሰው አንጎል የለም፤ የአይጥም የለም። 302 ነርቭ ሕዋሳት ብቻ ያሉት አንድ ትንሽ ትል እንኳ የግንኙነት ካርታው በ1986 ታትሞ ሳለ፣ እንደ ሕያው ትል የሚሆን የኮምፒውተር ቅጂ አልተገኘለትም። ስለ ዘርፉ የሚነገሩ ትልልቅ ተስፋዎች ሁሉ ቢመዘኑ የሚሻለው በዚህ ትል ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ስያሜውና ምንነቱ

«ኢሙሌሽን» የሚለው ቃል የመጣው ከኮምፒውተር ሳይንስ ነው። የድሮ ፕሌይስቴሽን ጨዋታ በስልኩ የሚጫወት ሰው ኢሙሌተር የሚባለውን ፕሮግራም ያውቀዋል። ፕሮግራሙ ጨዋታው ስለ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። የሚያደርገው የድሮውን ማሽን አሠራር ትእዛዝ በትእዛዝ መድገም ነው፤ ጨዋታውም በራሱ ማሽን ላይ ያለ ያህል ይሠራል። የአንጎል ኢሙሌሽን ደጋፊዎች መከራከሪያም ይኸው ነው፦ አንጎል እንዴት እንደሚያስብ ሙሉ በሙሉ ባንረዳም፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚያደርገውን በትክክል ከደገምን ማሰቡ ተከትሎ ይመጣል።

ንጽጽሩ ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ፕሌይስቴሽንን የሠሩት መሐንዲሶች ናቸው፤ የማሽኑ ክፍሎች ስንት እንደሆኑና እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ለአንጎል እንዲህ ያለ ሰነድ የለም፤ የትኛው ዝርዝር አስፈላጊ እንደሆነና የትኛው ቢተው ጉዳት እንደሌለው ገና አልተለየም።

ኢሙሌሽን ከሲሙሌሽን ይለያል። ሲሙሌሽን የአንድን ነገር አጠቃላይ ጠባይ የሚመስል ሞዴል ሲሆን፣ ለምሳሌ «የአይጥ አንጎል በአማካይ እንዲህ ያደርጋል» ይላል። ኢሙሌሽን የሚፈልገው የአንድን የተወሰነ አንጎል፣ የዚያችን አይጥ የራሷን ቅጂ ነው። ከዛሬው ሰው ሠራሽ የማሰብ ችሎታም ይለያል። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ፕሮግራሞች «ኒውራል ኔትዎርክ» በሚባል አወቃቀር ላይ ቢመሠረቱም የማንም አንጎል ቅጂ አይደሉም፤ የተማሩት ከጽሑፍ ነው።

የሐሳቡ አመጣጥ

የነርቭ ሕዋስን ሥራ በሒሳብ ቀመር መግለጽ እንደሚቻል በግልጽ ያሳዩት እንግሊዛውያኑ አላን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ናቸው። ከስኩዊድ (ከስምንት እግሬ ጋር የሚዛመድ የባሕር እንስሳ) በወሰዱት ወፍራም ነርቭ ላይ ሙከራ ሠርተው፣ የኤሌክትሪክ ምልክት በነርቩ ላይ እንዴት እንደሚጓዝ የሚያሰላ ቀመር በ1952 አሳተሙ። በዚያ ወቅት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለማሻሻያ ተዘግቶ ስለነበር፣ ሃክስሊ ስሌቱን የሠራው በእጅ በሚዞር የሒሳብ ማሽን ነበር። በኮምፒውተር ላይ የነርቭ ሕዋስ የማስኬድ ታሪክ የጀመረው፣ በአጋጣሚ፣ ያለ ኮምፒውተር ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ፤ ቀመራቸውም እስከ ዛሬ በጥቅም ላይ ይገኛል።

ከአንድ ሕዋስ ወደ ሙሉ አንጎል የተደረገው ዝላይ መጀመሪያ የታየው በልብ ወለድና በወደፊት ተንባዮች መጻሕፍት ነው። የሮቦት ተመራማሪው ሃንስ ሞራቬክ በ1988፣ ሬይ ከርዝዌል ደግሞ በ2005 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ሐሳቡን ለብዙ አንባቢ አደረሱ። ጉዳዩን ከትንቢት አውጥቶ ወደ ምህንድስና ጥያቄ ለመቀየር የሞከረው ግን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አንደርስ ሳንድበርግና ኒክ ቦስትሮም በ2008 ያወጡት ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ የሚያስፈልጉትን ቴክኖሎጂዎች ለይቶ፣ ቅጂው ምን ያህል ዝርዝር መያዝ አለበት ለሚለው ጥያቄ እንደየደረጃው የተለያየ ግምት አቀረበ። እንደ ግምቱ ከሆነ የነርቭ ሕዋሳቱን የኤሌክትሪክ ምት ብቻ መድገም ከበቃ፣ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ትሪሊዮን ገደማ ስሌት የሚሠራ ኮምፒውተር ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለው ኬሚስትሪ ጭምር ካስፈለገ ግን ይህ ቁጥር ሚሊዮኖች ጊዜ ይባዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዛሬ ማሽን በሚችለውና ምናልባት መቼም በማይሠራ ማሽን መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አንጎል እንዴት ይቀዳል

አሁን ባለው ቴክኖሎጂ የነርቭ ሕዋሳትን ግንኙነት አንድ በአንድ ለማየት ዋናው መሣሪያ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በመጀመሪያ ሕብረ ሕዋሱ እንዳይበሰብስ በኬሚካል ይደርቃል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፑ እንዲታይ እንደ ኦስሚየም ባሉ ከባድ ብረቶች ይቀለማል፤ ቀጥሎ በፕላስቲክ መሰል ሙጫ ውስጥ ተቀብሮ ይጠነክራል። የጠነከረው ቁራጭ በአልማዝ ስለት ወደ 30 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ይከተፋል፤ ይህም ከሰው ጸጉር በሺዎች እጥፍ የቀጠነ ነው። እያንዳንዱ ስስ ቁራጭ ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶዎቹም በኮምፒውተር ተደርድረው ሦስት ማዕዘናዊ ሳይሆን ሦስት አውታር ያለው ምስል ይወጣቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአንዱ ፎቶ ላይ የታየው ክብ ነጥብ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ የትኛው እንደሆነ እየተከታተሉ የእያንዳንዱን ሕዋስ ቅርንጫፍ መከተል ነው። ድሮ ይህ በእጅ ይሠራ ነበር። ዛሬ አብዛኛውን ሶፍትዌር ይሠራዋል፤ ሶፍትዌሩ ግን ሁለት የተለያዩ ሕዋሳትን አንድ ያደርጋል፣ አንዱንም ለሁለት ይቆርጣል፤ ስለዚህ ሰው ማረም አለበት።

ከሂደቱ እንደሚታየው አንጎሉ ይጠፋል። ሕያው ሰውን ሳይጎዱ በዚህ ዝርዝር መቅዳት የሚችል መሣሪያ የለም፤ ሆስፒታል ውስጥ ያለው ኤምአርአይ አንድ የሚያየው ነጥብ ብዙ ሺህ ነርቭ ሕዋሳትን የያዘ ነው።

የትሉ ትምህርት

ሲኖራብዳይቲስ ኤለጋንስ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ትል ነው። ሲድኒ ብሬነር ይህን ትል ለምርምር የመረጠው እያንዳንዱ ሕዋሱ ሊቆጠር ስለሚችል ነበር። በካምብሪጅ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ጆን ዋይት፣ አይሊን ሳውዝጌት፣ ኒኮል ቶምሰንና ብሬነር ትሉን በሺዎች በሚቆጠሩ ስስ ቁራጮች ከትፈው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ቅርንጫፎቹን በእጅ ምልክት እያደረጉ ተከታተሉ። ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀው ሥራ በ1986 ወደ 340 ገጽ በሚጠጋ መጣጥፍ ታተመ። 302 ነርቭ ሕዋሳትና 7,000 ገደማ ሲናፕሶች (ሕዋሳት ምልክት የሚለዋወጡባቸው መገናኛዎች) በካርታው ላይ ሰፈሩ። እንዲህ ያለው ሙሉ የግንኙነት ካርታ ዛሬ ኮኔክቶም ይባላል።

ካርታው ከታተመ ወዲህ ትሉን በኮምፒውተር ለማስኬድ ብዙ ተሞክሯል። በ2011 የተጀመረው ኦፕንዎርም የተባለው ፕሮጀክት ከልዩ ልዩ አገሮች በተሰባሰቡ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮችና ሳይንቲስቶች የሚሠራ ሲሆን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። በ2014 ከፕሮጀክቱ ጋር የተያያዘ አንድ ሙከራ የትሉን የግንኙነት ካርታ በሌጎ ሮቦት ላይ ጫነ፤ ሮቦቱም ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። ዜናው «ትል ወደ ኮምፒውተር ተጫነ» ተብሎ ተሰራጨ። ነገር ግን በካርታው ላይ የሌሉት የግንኙነቶቹ ጥንካሬዎች በግምት የተሞሉ ነበሩ፤ ግድግዳ ሲነካ የሚመለስ ሮቦት ደግሞ ያለ ምንም አንጎል በጥቂት መስመር ኮድ ይሠራል። ሕያው ትል ይማራል፣ ይራባል፣ የመጥፎ ምግብ ሽታ ያስታውሳል። ሮቦቱ ከነዚህ አንዱንም አላሳየም።

ችግሩ የኮምፒውተር አቅም እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ 302 ሕዋሳትን ማንኛውም ላፕቶፕ ይችላቸዋል። የጎደለው መረጃ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣ ፎቶ ሁለት ሕዋሳት መገናኘታቸውን ያሳያል፤ ምልክቱ ተቀባዩን እንደሚያነሣሣው ወይም እንደሚገታው፣ በምን ያህል ጥንካሬ እንደሆነም ግን በቀጥታ አያሳይም። በ2023 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕያው ትል ውስጥ ሕዋሳቱን አንድ በአንድ በብርሃን እያነሣሡ የሌሎቹን ምላሽ ለኩ። ያገኙት ውጤት ከግንኙነት ካርታው ብቻ ተነሥቶ ከሚገመተው በብዙ ቦታ ይለያል። አንዱ ምክንያት ሕዋሳቱ በሲናፕስ ብቻ ሳይሆን፣ ወደ አካባቢው በሚለቋቸው ኒውሮፔፕታይድ የተባሉ ኬሚካሎችም ስለሚነጋገሩ ነው። እነዚህ ሽቦ የላቸውም፤ ስለዚህ በካርታው ላይ አይታዩም።

ተመሳሳይ ነገር ቀደም ሲል በሸርጣንና በሎብስተር ላይ ታይቷል። የነዚህን እንስሳት የጨጓራ እንቅስቃሴ የሚመሩት ነርቭ ሕዋሳት 30 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ግንኙነታቸውም ለአሥርት ዓመታት ይታወቃል። የኢቭ ማርደር ቤተ ሙከራ እንዳሳየው ግን ያው መረብ በዙሪያው ባለው ኬሚካል መሠረት የተለያየ ምት ያወጣል፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ያሉት መለኪያዎች በጣም የተለያዩ ሆነውም አንድ ዓይነት ምት ሊወጣ ይችላል።

ዝንብ፣ አይጥና አንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር

ፍራንሲስ ክሪክ በ1979 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ የአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር አንጎልን ትክክለኛ የግንኙነት ካርታ መጠየቅ የማይቻለውን መጠየቅ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ይህ ግምት 46 ዓመት ቆየ። በሚያዝያ 2025 ማይክሮንስ የተባለው ፕሮጀክት ከአይጥ የእይታ ኮርቴክስ የተወሰደ አንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ገደማ ካርታ በኔቸር መጽሔት አወጣ፦ 200,000 የሚሆኑ ሕዋሳትና ከ500 ሚሊዮን በላይ ሲናፕሶች። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን አይጧ በሕይወት ሳለች ቪዲዮ እያየች የ75,000 ገደማ ነርቭ ሕዋሳት እንቅስቃሴ ቀድሞ መቀረጹ ነው። ስለዚህ ካርታውና ሥራው ከአንድ አንጎል ተገኝተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ለትሉ በ1986 ያልነበረው ይህ ነው።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2024፣ ፍላይዋየር የተባለው ቡድን የአንዲት ሴት የፍራፍሬ ዝንብን ሙሉ የአንጎል ካርታ አሳትሟል፦ 139,255 ነርቭ ሕዋሳትና ከ50 ሚሊዮን በላይ ሲናፕሶች። ሶፍትዌሩ ያወጣውን ካርታ ያረሙት ሳይንቲስቶች ብቻ አልነበሩም፤ በበይነ መረብ የተሳተፉ ፈቃደኛ ሰዎችም ነበሩበት። በዚሁ ካርታ ላይ ተመሥርቶ በኔቸር የወጣ ሌላ ጥናት ሁሉንም ሕዋሳት በአንድ ዓይነት እጅግ ቀላል ቀመር አስኬደ። በሞዴሉ ውስጥ ስኳር የሚቀምሱት ሕዋሳት ሲነሡ፣ ዝንቧ ለመብላት አፏን የምትዘረጋባቸው ሕዋሳት ተነሡ፤ ሞዴሉ የተነበያቸው ሌሎች ነገሮችም በሕያው ዝንብ ላይ ሲፈተኑ በአብዛኛው ልክ ሆነው ተገኙ። ይህ የዝንብ ኢሙሌሽን አይደለም፤ ሞዴሉ አይማርም፣ ሰውነትም የለውም። ካርታ ብቻውን ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ግን ከተጠበቀው በላይ አሳይቷል። የትሉን ተስፋ አስቆራጭ ታሪክ ብቻ ለሚያነሣ ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው።

የሰው አንጎል ስፋት

የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ሲናፕሶቹ 100 ትሪሊዮን ገደማ እንደሚደርሱ ይገመታል። በሃርቫርድ የጄፍ ሊክትማን ቤተ ሙከራና ጉግል በጋራ በ2024 ያሳተሙት ካርታ ከአንድ የሚጥል በሽታ ታካሚ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ቁራጭ የተሠራ ሲሆን፣ አንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። 57,000 ሕዋሳትና 150 ሚሊዮን ያህል ሲናፕሶች ተገኝተውበታል፤ መረጃው 1.4 ፔታባይት ይመዝናል። ሙሉ አንጎል ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ቁራጮች ስለሚወጣው፣ በዚሁ ስሌት ፎቶውን ብቻ ለማስቀመጥ አንድ አንድ ቴራባይት የሚይዙ ከአንድ ቢሊዮን ተኩል በላይ ሐርድ ዲስኮች ያስፈልጋሉ።

በማስኬዱ በኩልም ልዩነቱ ሰፊ ነው። በ2013 የጃፓኑ ኬ ኮምፒውተር 82,944 ፕሮሰሰሮቹን በመጠቀም 1.73 ቢሊዮን ቀላል ሞዴል ነርቭ ሕዋሳትን አስኬደ። አንድ ሰከንድ የሚሆነውን የአንጎል ሥራ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ ሕዋሳቱም የተያያዙት በዘፈቀደ እንጂ በእውነተኛ ካርታ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ እጅግ ፈጥነዋል። በ2022 ሥራ የጀመረው የአሜሪካው ፍሮንቲየር ሱፐርኮምፒውተር የኦክስፎርዱ ሪፖርት በዝቅተኛው ደረጃ የገመተውን የስሌት ፍጥነት ደርሶበታል፤ ግን 20 ሜጋዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። የሰው አንጎል የሚበላው 20 ዋት ያህል ነው።

ገንዘብ፣ ተስፋና ውዝግብ

ለዘርፉ ከፍተኛውን ትኩረት ያመጣው የነርቭ ሳይንቲስቱ ሄንሪ ማርክራም ነው። በስዊዘርላንድ ሎዛን በ2005 የጀመረው ብሉ ብሬን ፕሮጀክት ከአይቢኤም በተገኘ ሱፐርኮምፒውተር የአይጥን ኮርቴክስ ለመሥራት የተነሣ ነበር። ማርክራም በ2009 በቴድ መድረክ ላይ የሰውን አንጎል በ10 ዓመት ውስጥ መሥራት እንደሚቻል ተናገረ። በ2013 የአውሮፓ ኅብረት ይህን ራእይ መሠረት ያደረገውን ሂውማን ብሬን ፕሮጀክት መርጦ፣ በአሥር ዓመት አንድ ቢሊዮን ዩሮ ገደማ እንደሚወጣበት ተገለጸ።

ውዝግቡ የተነሣው ዓመት ሳይሞላው ነው። በሐምሌ 2014 የነርቭ ሳይንቲስቶች ለአውሮፓ ኮሚሽን ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ፈራሚዎቹ ቆይተው ከ700 በላይ ሆኑ። ቅሬታቸው ሁለት ነበር፦ አንደኛ የአስተዳደሩ ግልጽነት ማጣት፣ ሁለተኛ ደግሞ ባህርይንና አስተሳሰብን የሚያጠናው ክፍል ከፕሮጀክቱ ዋና እቅድ መውጣቱ። ከሥር ያለው ጥያቄ ግን የገንዘብ ነበር። ብዙ መቶ ቤተ ሙከራዎችን ሊያስኬድ የሚችል ገንዘብ፣ ስለ አንጎል ገና የማይታወቀው ከሚታወቀው በበዛበት ጊዜ፣ ለአንድ ሲሙሌሽን መዋሉ ትክክል ነው ወይ? በ2015 የሽምግልና ኮሚቴ ሪፖርት ካቀረበ በኋላ አመራሩ ተቀየረ፤ ማርክራምም ከሥራ አስፈጻሚነቱ ወጣ። ፕሮጀክቱ ትኩረቱን ወደ አንጎል አትላስና ተመራማሪዎች በጋራ ወደሚጠቀሙበት ኢብሬንስ ወደተባለ የመረጃ መድረክ አዙሮ በመስከረም 2023 ተጠናቀቀ። ጠቃሚ ሥራ ትቷል፤ ሲጀመር የተነገረለት የሰው አንጎል ግን በውስጡ የለም።

ብሉ ብሬን ራሱ በ2015 የወጣት አይጥን ኮርቴክስ አንድ ሦስተኛ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ያህል፣ 31,000 ነርቭ ሕዋሳት የያዘ ሲሙሌሽን አሳትሞ በ2024 መጨረሻ ተዘግቷል። ይህ ሥራ በዝርዝሩ ተደንቋል። ይሁንና ሕዋሳቱ የተያያዙት ከብዙ አይጦች በተሰበሰበ አማካይ ሕግ ስለነበር፣ የማንኛዋም አይጥ ቅጂ አልነበረም።

ምርምሩን የሚያበረታቱ ድርጅቶች

ከመንግሥታት ፕሮጀክቶች ውጭ፣ ሐሳቡን ለማስፋፋት የቆሙ አነስተኛ ድርጅቶች አሉ። «ሙሉ የአንጎል ኢሙሌሽን» የሚለውን ስያሜ በማስተዋወቅ ስሙ የሚነሣው ራንዳል ኩነ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ካርቦንኮፒስ የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት፣ በተለያዩ ዘርፎች ያሉ ተመራማሪዎችን በማገናኘትና ሕዝቡን በማስተማር ይሠራል። በኬኔት ሄይዎርዝ የተመሠረተው ብሬን ፕሪዘርቬሽን ፋውንዴሽን ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ንግግር ሳይሆን ውድድር። የአንድን ሙሉ አንጎል ሲናፕሶች ለረጅም ዘመን ሳይበላሹ ማቆየት ለቻለ ቡድን ሽልማት አቀረበ። ሽልማቱን በ2016 በጥንቸል፣ በ2018 በአሳማ አንጎል ያሸነፈው ትዌንቲፈርስት ሴንቸሪ ሜዲስን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

ይህ አካሄድ ሊመሰገን የሚገባው ማስረጃ አስቀድሞ ስለሚጠይቅ ነው፤ ዳኞቹ አንጎሉን ከትፈው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ከሳይንሱ ወደ ንግድ የተደረገው እርምጃ ግን ወዲያው ችግር አመጣ። ዘዴውን ያበለጸገው ሰው ያቋቋመው ኔክቶም የተባለ ኩባንያ በ2018 ወደፊት ለሚሰጥ አገልግሎት ከሰዎች ቅድሚያ ክፍያ መቀበሉ ሲሰማ፣ ሂደቱ ለሕይወት አስጊ ሳይሆን ሕይወት የሚያጠፋ መሆኑ መነጋገሪያ ሆነ፤ ኤምአይቲም ከኩባንያው ጋር የነበረውን የምርምር ውል አቋረጠ። ካርታ ራሱ ትዝታን መያዙ ገና ሳይረጋገጥ፣ በጠና የታመመ ሰው ተስፋውን በገንዘብ እንዲገዛ መጋበዝ ከምርምር ማስፋፋት የተለየ ነገር ነው።

ቅጂው ማን ነው?

ቴክኒኩ ቢሳካ እንኳ የሚቀሩ ጥያቄዎች አሉ። ፈላስፋው ጆን ሰርል በኮምፒውተር የተሠራ ዝናብ ማንንም እንደማያረጥብ ሁሉ፣ የማሰብ ሲሙሌሽንም ማሰብ አይደለም ብሎ ተከራክሯል። ተቃራኒዎቹ ደግሞ ማሰብ እንደ ዝናብ ሳይሆን እንደ ሒሳብ ነው ይላሉ፤ በኮምፒውተር የተሠራ መደመር እውነተኛ መደመር ነው። ሌላው ጥያቄ የማንነት ነው። አንድ ፋይል ሲቀዳ ዋናው ባለበት ይቀራል፤ ከአንድ ሰው ሁለት ቅጂ ቢነሣ የትኛው ነው ውርስ የሚወስደው፣ ትዳሩስ የማን ነው? ቅጂውን የያዘው ኩባንያ ቢከስር ሰርቨሩን ማጥፋት ምን ይባላል?

ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ግን የእንስሳት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ከሰው በፊት ዝንቡና አይጡ ይሠራሉ። አንድ የአይጥ ቅጂ በትክክል ቢሠራ፣ ሕመሟም አብሮ ይቀዳል ወይ? ሳንድበርግ በ2014 ባወጣው ጽሑፍ ይህ እስኪታወቅ ድረስ ቅጂው ዋናው እንስሳ ያለውን የስሜት ችሎታ ሁሉ እንዳለው ተቆጥሮ እንዲያዝ፣ በቤተ ሙከራ ላለ ሕያው እንስሳ የሚደረገው ጥንቃቄም እንዲደረግለት ሐሳብ አቅርቧል።